የቀንድ አውጣው ስምና የመለያ ወረቀቱ

በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጨርሶ ከጠፋ ደብዳቤ ይልቅ በሌላ ባለጉዳይ ፋይል ውስጥ የገባ ደብዳቤ የበለጠ ያስቸግራል። የጠፋው መጥፋቱ ስለሚታወቅ ግልባጩ ይፈለጋል፤ ወይም አዲስ ይጻፋል። በማይገባው ፋይል የገባው ግን ቍጥር አለው፤ ማኅተም አለው፤ ቦታም ይዞ ተቀምጧል። ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም፤ እንዲያውም በርሱ ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ ይሰጣል። ዛሬ ለአድማጮቻችን የምናቀርበው ንግግር ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል ችግርን የሚመለከት ነው፤ ነገሩ የተነሣው ግን በመሥሪያ ቤት ሳይሆን በቤተ መዘክር፣ በደብዳቤም ሳይሆን በቀንድ አውጣ ላይ ነው።

«ስለ ቀንድ አውጣ ይህን ያህል ምን ያነጋግራል?» የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ክረምት ሲገባ ከድንጋይ ሥር ወጥቶ፣ ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ የሚያዘግመውን ይህን ፍጥረት ከልጆች በቀር ቆሞ የሚመለከተው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የየብስ ቀንድ አውጣ ሊቃውንቱን የሚማርክበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ሩቅ አለመሄዱ ነው። ወፍ ከአገር አገር ይበራል፤ የዕፅ ዘር በነፋስ ይወሰዳል፤ ቀንድ አውጣ ግን ሰው ወይም ጐርፍ ካላጓጓዘው በቀር ከተፈለፈለበት ተረተር ብዙም አይርቅም። ከዚህም የተነሣ በአንድ ተራራ ላይ ያለው ዝርያ ከሸለቆው ማዶ ባለው ተራራ ላይ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ቅርፊቱን የሚሠራው ከኖራ ስለ ሆነም የኖራ ድንጋይ ያለበትን ምድር ይመርጣል፤ የድሬዳዋ ዙሪያ ደግሞ በዚህ ድንጋይ የታደለ መሆኑን የከተማዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ይመሰክራል። እንግዲህ በድሬዳዋ ገጠር፣ በቢዮ አዋሌ ተዳፋት ላይ የተለቀመ አንድ ቅርፊት የምድሩን ጠባይ፣ የዝናቡን መጠንና የዘመናቱን ታሪክ ይዞ ይገኛል ማለት ነው። ሆኖም ይህን ሁሉ ሊነግረን የሚችለው ከቢዮ አዋሌ መምጣቱ በእውነት የታወቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት የእንስሳት ስም እንዴት እንደሚወጣ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። አንድ ሊቅ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ቀንድ አውጣ ሲያገኝ መልኩን፣ ቁመቱን፣ የጥምዙን ብዛት ጽፎ በሁለት ቃል የላቲን ስም ያወጣለታል። ይህ አሠራር ለእንስሳት የሚቈጠረው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን በዚሁ እናስታውቃለን። ነገር ግን ቃል ሁሉን ነገር አይገልጽም። «መካከለኛ፣ ሾጠጥ ያለ፣ ቡናማ መስመር ያለበት» ተብሎ የተጻፈ መግለጫ ለብዙ ዐይነት ቀንድ አውጣ ሊስማማ ይችላል። ስለዚህ ስሙ ከጽሑፉ ጋራ ብቻ ሳይሆን በእጅ ከሚዳሰስ ነገር ጋራ እንዲታሰር ተደረገ፤ ያም ነገር ሊቁ ስሙን ሲያወጣ በእጁ ይዞት የነበረው ቅርፊት ነው። በውጭ አገር ቋንቋ «ታይፕ» ይሉታል፤ እኛ «ዋና ናሙና» ብንለው ያስኬዳል። ከ1889 እስከ 1960 ድረስ የዓለም ሜትር ሁሉ በፓሪስ አጠገብ በተቀመጠ አንድ የብረት ዘንግ ይለካ እንደ ነበረ፣ የአንድ ዝርያ ስምም በአንድ መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠ በአንድ ቅርፊት ይለካል። «ዋና» ሲባል ግን የተሻለ ማለት አይደለም። አፉ የተሰበረ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ገና ያልጐለመሰ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የተሰየመው እርሱ ከሆነ ስሙን የሚሸከመው እርሱ ነው።

ይህ ቅርፊት ግን ዲዳ ነው። ማን እንደ ለቀመው፣ ከወዴት እንደ መጣ፣ ሊቁ የጻፈለት እርሱ ይሁን ወይም ጎረቤቱ፣ በራሱ አንደበት አይናገርም። የሚናገርለት ከጎኑ የተቀመጠችው ጣት የማታህል ወረቀት ናት። አንዳንዴ ወረቀቷና ቅርፊቱ በሙጫ ከአንድ ካርቶን ላይ ይጣበቁ ነበር። በዚህ ነገር በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም የሆነውን ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻለንም። ከግብፅ የመጣ አንድ የበረሓ ቀንድ አውጣ፣ የሞተ መስሏቸው፣ ማርች 25 ቀን 1846 በካርቶን ላይ አጣብቀው በመደርደሪያ አኖሩት። በማርች ወር 1850 አንድ ሰው ሲመለከት በቅርፊቱ አፍ ላይ አዲስ ልጋግ የመሰለ ነገር ታየው። ለብ ባለ ውሃ ሲነክሩት ቀንድ አውጣው ብቅ አለ። አራት ዓመት ያህል ሳይበላና ሳይጠጣ ከመለያው ጋራ ተጣብቆ ቈይቷል ማለት ነው። ከወረቀታቸው ተለያይተው በየመሳቢያው ከተንከራተቱት ወንድሞቹ ይልቅ እርሱ ዕድለኛ ነበር ለማለት ይቻላል።

ወረቀቱ ስሕተት የሚሆንበት መንገድ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ከክፋት የመጣ አይደለም። የአገራችንን ምሳሌ እንመልከት። በ1868 የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ተጕዞ ነበር። ከዙላ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራትና በአሸንጌ በኩል እስከ ወሎ ደጋ ድረስ ሲጓዝ ድንጋዩንም፣ እንስሳውንም፣ ቀንድ አውጣውንም መርምሮ በ1870 መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ በአንድ አሮጌ መሳቢያ ውስጥ «አቢሲኒያ፣ ብላንፎርድ» የምትል ወረቀት ብትገኝ፣ ቅርፊቱ ከቀይ ባሕር ዳር አሸዋ ይሁን ወይም ውርጭ ከሚወርድበት ደጋ፣ ወረቀቷ አትለይም። በሁለቱ መካከል ያለው ከፍታ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል፤ በዚህ ከፍታ መካከል የሚኖሩት ቀንድ አውጦችም አንድ ሊሆኑ አይችሉም። በዚህ ጊዜ መርማሪው ወረቀቷን ትቶ መጽሐፉን ይከፍታል፤ መንገደኛው የዋለበትንና ያደረበትን ተከትሎ ስፍራውን ለማጥበብ ይሞክራል።

ሌላው ምክንያት በመልቀምና በመሰየም መካከል የሚያልፈው ጊዜ ነው። ኦስካር ኖይማን የተባለው ጀርመናዊ ከባሮን ፎን ኤርላንገር ጋራ በ1900 ከዘይላ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ መካከለኛውና ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ተጕዟል። ከዚያ ያመጣቸውን የየብስ ቀንድ አውጦች ዮሐንስ ቲለ የተባለው የበርሊን ሊቅ ዘርዝሮ ያሳተመው በ1933 ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው! አንድ ሣጥን በእንዲህ ያለ ዘመን ውስጥ ስንት እጅ ይነካዋል? ስንት ጊዜ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወራል? ወረቀቱ ሲያረጅ አዲስ የሚገለብጠው ጸሐፊ ደግሞ አገሩን ያላየ፣ የስፍራውን ስም ያልሰማ ነው። የገለባባጭ ስሕተት ምን እንደሚያደርስ በብራና መጻሕፍታችን የምናውቀው ስለ ሆነ በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

የስፍራ ስም ራሱን የቻለ ችግር ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ድሬዳዋ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ቆላ ስትሆን፣ ሐረር ከ1800 ሜትር በላይ በሆነ ወይናደጋ ላይ ናት። እንግዲህ በዚያ ዘመን የተጻፈ «ሐረር» የሚል መለያ የቱን ከተማ ያመለክታል? ምናልባትም መንገደኛው ሁለቱንም ሳይሆን ከባሕር ዳር እስከ ጨርጨር ያለውን አገር በሙሉ ማለቱ ይሆናል። ቢዮ አዋሌንም እንውሰድ። በሱማሌኛ «ቢዮ» ማለት ውሃ ስለ ሆነ፣ ውሃ በሚፈለግበት በዚያ አገር ስሙ በ«ቢዮ» የሚጀምር ስፍራ አንድ ብቻ አይደለም፤ ለምሳሌ ቢዮ ካቦባ የሚባል ስፍራም አለ። አንድ ፈረንሳዊ ሰብሳቢ በወረቀቱ ላይ በራሱ አጻጻፍ «ቢዮ» ብሎ ከጻፈ በኋላ የቀረውን ቃል ብል ቢበላው፣ ጄኔቭ ወይም ጄኖቫ የተቀመጠ መርማሪ በካርታ ላይ መጀመሪያ ያገኘውን «ቢዮ» ይወስዳል። ይህ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ግምት ነው፤ ነገር ግን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሱማሌኛ ስሞች በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በጀርመን ፊደል ተጽፈው ሲመለሱ ባለ አገሩ እንኳ ሊያውቃቸው እንደሚቸገር በአሮጌ ካርታ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ወረቀት በቶሎ ሊፈታ የሚችለው የለንደን ፕሮፌሰር ሳይሆን የቀበሌውን ውሃና ጋራ በስሙ የሚጠራው የአገሩ ሰው ነው።

ከመንገደኞቹ ሌላ ደግሞ የዛጎል ነጋዴዎችና ሀብታም ሰብሳቢዎች ነበሩ። ከነርሱ ሁሉ ስመ ጥሩ የነበረው እንግሊዛዊው ሂዩ ኩሚንግ ነው። የጀርመኑ ሊቅ ሉድቪግ ፋይፈርና ሌሎችም እጅግ ብዙ የየብስ ቀንድ አውጦችን የሰየሙት ከርሱ ስብስብ በተገኙ ቅርፊቶች ነው። ኩሚንግ በ1865 ሲሞት ብሪቲሽ ሙዚየም ስብስቡን በ6000 ፓውንድ ገዛው። እንደሚተረከው፣ የእንስሳት ክፍል ሹም የነበረው የግሬይ ባለቤት ዝርግ መሳቢያዎቹን እየያዘች ክፍቱን ግቢ ስታቋርጥ ነፋስ ተነሥቶ ያልተጣበቁትን ወረቀቶች አበነናቸው። ታሪኩ ሲነገር ቅመም ተጨምሮበት እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ነገር ግን የኩሚንግን ስብስብ የሚመረምሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ወረቀትንና ቅርፊትን ማገናኘት እንደሚያስቸግራቸው የታወቀ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ። የመጀመሪያው ሥራ ስሕተቱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ መለየት ነው፤ ብዙ ሰዎች ይህን አንድ አድርገው ስለሚያዩት ይደናገራሉ። ቅርፊቱ ትክክለኛው ዋና ናሙና ሆኖ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስፍራ ብቻ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ስሙ አይናወጥም። ስም የሚከተለው ቅርፊቱን እንጂ ወረቀቱን አይደለምና፤ ስፍራው በማስረጃ ይታረማል፣ ዕርማቱም ታትሞ ይወጣል። ስሙ ራሱ የተሳሳተ አገር ቢጠራ እንኳ አይለወጥም። ሊኒየስ በ1753 ቡናችንን «ኮፌያ አራቢካ» ማለት የዐረብ ቡና ብሎ ሲሰይመው ትውልዱ ከኢትዮጵያ ደን መሆኑን አላወቀም ነበር፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ እንደ ጸና አለ። ይህ ለእኛ ቅር የሚያሰኝ ነገር ቢሆንም፣ ስም ሁሉ ዕውቀት በተሻሻለ ቍጥር የሚለወጥ ቢሆን ኖሮ ማንም ከማንም ጋራ ሊግባባ አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ዐይነት ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። ወረቀቱ እውነተኛ ሆኖ ቅርፊቱ የተለወጠ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጠባቂ ሲያጸዳ ሁለት ሣጥን አደናግሮ፣ ወይም ሰብሳቢው የተሰበረውን አውጥቶ የተዋበውን ተክቶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በመሳቢያው ውስጥ ያለው ቅርፊት ዋና ናሙና አይደለም፤ በሌላ ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ እንግዳ ነው። እርሱን አይቶ «ይህ ዝርያ እንዲህ ያለ ነው» ብሎ የጻፈ ሁሉ ተሳስቷል፤ ከርሱ የገለበጡትም እንደዚሁ። ሦስተኛም አለ፤ ሊቁ ስሙን ሲያወጣ በፊቱ ሃያ ቅርፊት ነበሩ እንበል፤ ሁሉንም አንድ ዝርያ መስለውት ነበር፤ ዛሬ ሲመረመሩ ግን ሁለት ወይም ሦስት ዝርያ ሆነው ይገኛሉ። ስሙ የየትኛው ነው?

ለዚህ ሁሉ በ1895 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሲዮን ያወጣው ሕግ አለ፤ አራተኛው እትሙ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ጀምሮ ይሠራበታል። ከብዙዎቹ የመጀመሪያ ናሙናዎች መካከል አንዱ ተመርጦ ብቻውን ስሙን እንዲሸከም በጽሑፍ ሲታወጅ «ሌክቶታይፕ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የቀሩት መብት የላቸውም። ከመጀመሪያዎቹ አንድም የተረፈ ከሌለ፣ ለምሳሌ የሐምቡርግ የእንስሳት ቤተ መዘክር በ1943 በአየር ድብደባ በተቃጠለ ጊዜ እንደ ጠፉት ናሙናዎች የሆነ እንደ ሆነ፣ «ኒዮታይፕ» የተባለ ምትክ ይሰየማል። ምትኩ ግን እንደ ልብ አይሾምም። ስሙን ከውዥንብር ለማዳን አስፈላጊነቱ መታየት፣ ከመጀመሪያው መግለጫ ጋራ መስማማትና በተቻለ መጠን ከመጀመሪያው ስፍራ የተለቀመ መሆን አለበት። የጠፋው ዋና ናሙና አንድ ቀን ቢገኝ፣ ኮሚሲዮኑ ሌላ ካልወሰነ በቀር፣ ምትኩ ወርዶ ባለቤቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሕጉን በጥብቅ መከተል ለረዥም ጊዜ የተለመደውን ስም የሚያፈርስ ከሆነም ነገሩ ለኮሚሲዮኑ ይቀርባል፤ ኮሚሲዮኑም በልዩ ሥልጣኑ ሊያጸናው ይችላል።

ሕጉ ይህን ይበል እንጂ ፍርዱ የሚሰጠው በማስረጃ ነው፤ የማስረጃው ፍለጋ ደግሞ ከፖሊስ ምርመራ የሚተናነስ አይደለም። መጀመሪያ መለኪያ ይወጣል። ሊቁ በመጽሐፉ «ቁመቱ 21 ሚሊሜትር» ብሎ ጽፎ በመሳቢያው ያለው 25 ከሆነ፣ ያ ቅርፊት እርሱ አይደለም፤ የሞተ ቀንድ አውጣ አያድግምና። ቀጥሎ ሥዕሉ ይታያል። በቅርፊቱ ላይ ያለች አንዲት ስንጥቅ ወይም ነጥብ በአሮጌው ሥዕል ላይ ከተገኘች ክርክሩ አለቀ ማለት ነው። በዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የቀድሞ ሠዓሊዎች በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሲቀርፁ አገላብጠው ካልቀረፁ ሥዕሉ ሲታተም ቀኙ ግራ ይሆናል። ታላቁ ሬምብራንት እንኳ በ1650 አንድ የባሕር ዛጎል ቀርፆ ጥምዙን በተቃራኒው አሳትሞታል። አብዛኛው ቀንድ አውጣ ወደ ቀኝ ስለሚጠመዝዝና ወደ ግራ የሚጠመዝዘው ጥቂቱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ይህን ያላወቀ መርማሪ የሌለ ዝርያ ሲፈልግ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ከዚያ በኋላ የእጅ ጽሑፍ ይነጻጸራል። የሰብሳቢው ደብዳቤዎች፣ ቤተ መዘክሩ ዕቃውን የተረከበበት መዝገብ፣ የነጋዴው ዝርዝር፣ የመርከቡ ጕዞ ሁሉ ይመረመራሉ። አንድ ሰው በዚያ ወር በዚያ አገር ያልነበረ ከሆነ ከዚያ ሊለቅም አይችልም። በቅርፊቱ አፍ ውስጥ የደረቀ አፈር ቢቀር እርሱም ይመሰክራል፤ ከባሕር ዳር አሸዋ የመጣና ከደጋ ቀይ አፈር የመጣ አንድ አይሆንም። የደረቀ ሥጋ ከተረፈ ደግሞ በዘመናችን የዘር ውርሱን በላቦራቶሪ ማንበብ ይቻላል። በመጨረሻም፣ ብዙ ጊዜም ወሳኝ የሚሆነው ይህ ነው፣ ተጠረጠረ ወደተባለው ስፍራ ሄዶ ከድንጋዩ ሥር ያለውን በዐይን ማየት ነው።

የዚህ ዐይነት ምርመራ ትልቅ እንስሳ ላይም ደርሷል። ሊኒየስ የእስያን ዝሆን በ1758 ሲሰይም ካያቸው ነገሮች አንዱ በአልኮል የተቀመጠ የዝሆን ጽንስ ነበር። ጽንሱ በስቶክሆልም ተጠብቆ ቈይቶ ሲመረመር የአፍሪካ ዝሆን ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱም በ2013 ታተመ። ይህ ጽንስ ብቻውን ስሙን የሚሸከም ቢሆን ኖሮ የእስያው ዝሆን ስም ወደ አፍሪካው በዞረ ነበር። መርማሪዎቹ ግን በሊኒየስ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰውን፣ ጆን ሬይ የተባለው እንግሊዛዊ በፍሎረንስ ያየውን የዝሆን ዐፅም ፈልገው አገኙና እርሱን ሌክቶታይፕ አድርገው መረጡት፤ ስሙም ከባለቤቱ ጋራ ቀረ። በአንጻሩ ሆን ብሎ ወረቀት የለወጠም አለ። ሪቻርድ ማይነርትዝሃገን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን ከቤተ መዘክር የሰረቃቸውን ወፎች የራሱን ወረቀት እየለጠፈ አስቀምጦ ነበር። ከነዚህም አንዷ የሕንድ ጕጕት ነበረች፤ እርሱ በጻፈው ስፍራ የፈለጓት ሁሉ አጧት። ወረቀቱ ሐሰት መሆኑ ተደርሶበት እውነተኞቹ ወረቀቶች ወዳመለከቱት አገር ሲኬድ ግን በ1997፣ ከመቶ ዓመት በላይ ጠፍታ የነበረችው ወፍ በሕይወት ተገኘች።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስና ይህ ነገር በደጃችን ምን እንዳለው እንይ። ከከተማዋ በስተ ደቡብ፣ ጥቂት ኪሎሜትር ርቆ ከገደል ላይ፣ ፈረንሳዮች ፖርክ ኤፒክ ማለት የጃርት ዋሻ ያሉት ስፍራ አለ። ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬይ በ1929 አገኙት፤ በ1933 ተቈፈረ፤ በ1970ዎቹም ቍፋሮው ቀጠለ። ከዋሻው ከድንጋይ መሣሪያና ከብዙ ቀይ አፈር ሌላ 419 ትናንሽ ክብ ነገሮች ወጡ። እነዚህ ሲመረመሩ የየብስ ቀንድ አውጣ ክዳኖች ሆኑ። ጥቂት የቀንድ አውጣ ወገኖች ወደ ቅርፊታቸው ሲገቡ በሩን የሚዘጉበት እንደ ድንጋይ የጠነከረ የኖራ ክዳን አላቸው። በ2008 ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዘላለም አሰፋ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋራ ባሳተመው ጽሑፍ፣ መካከላቸው የተበሳው እነዚህ ክዳኖች በጐርፍ ወይም በአውሬ የመጡ ሳይሆኑ ሰው ያመጣቸው መሆናቸውንና እንደ ዶቃ ሳያገለግሉ እንዳልቀሩ አስረዳ። በክዳኖቹ ላይ የተደረገው የካርቦን ምርመራም ወደ 40,000 ዓመት ገደማ የሚሆን ዕድሜ አሳይቷል። እንግዲህ የዋሻው ሰዎች ጌጥም፣ የዋሻው የጊዜ መለኪያም ቀንድ አውጣ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ቀንድ አውጣ ስም ሬቯሊያ ጊለኖፕሲስ ይባላል። የወገን ስሙን ያወጣው ፈረንሳዊው ቡርጊኛ ነው፤ ስሙም በሱማሌ አገር የተጓዘውን የዦርዥ ሬቯልን ስም ይይዛል። ቡርጊኛ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሬቯል ከመጀርቲን ሱማሌዎች አገር ያመጣቸውን ቀንድ አውጦች ገልጾ ጽፏል፤ በ1883 ደግሞ ስለ አቢሲኒያ ቀንድ አውጦች ሌላ መጽሐፍ አሳትሟል፤ የራሱም ስብስብ ዛሬ በጄኔቭ ቤተ መዘክር ይገኛል። ስለዚህ ሰው እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ጥቂት የመስመር ልዩነት ባየ ቍጥር አዲስ ስም የሚያወጣ ነበር፤ ከርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ብዙ ስሞቹን ሰርዘዋል። እንግዲህ የዋሻውን ክዳን በእጁ የያዘ ተመራማሪ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ በመጨረሻ የሚደርሰው በአውሮፓ መሳቢያ ውስጥ ካለ አንድ ቅርፊትና ከአጠገቡ ካለች አንዲት ወረቀት ላይ ነው። ቀንድ አውጣው በድሬዳዋ ተራሮች የሚኖር ከሆነ የዋሻው ሰዎች ከደጃቸው ለቅመውታል። የሚኖረው በሩቅ ባሕር ዳር ብቻ ከሆነ ግን ከአርባ ሺሕ ዓመት በፊት ጌጥ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መቶዎች ኪሎሜትር ተጕዟል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስለ ጥንት ሰዎች ኑሮ የምናስበውን ሁሉ ይለውጣል፤ የሚለካውም በዚያች ወረቀት እውነተኛነት ነው።

ጌጥ ሆኖ የመጣ ቀንድ አውጣ ስፍራውን እንደማይናገር የሃዋይ ደሴት ታሪክም ያሳያል። ከዚያ አገር ቀንድ አውጦች መጀመሪያ ስም የወጣለት በ1789 ነው፤ ስሙን ያወጣው መርከበኛው ጆርጅ ዲክሰን ሲሆን፣ ቅርፊቱን ያገኘው ከአንገት ጌጥ ላይ ነበር። ጌጡን የሠራው ሰው ከየትኛው ሸለቆ እንደ ለቀመው የጠየቀ የለም። የዚያ ዝርያ የመጨረሻ ነው የተባለው ቀንድ አውጣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ሞተ፤ እንግዲህ ሸለቆውን ሄዶ ማየትም አይጠቅምም።

በቤተ መዘክር ሥራ አንድ ሊመሰገን የሚገባው ደንብ አለ፤ የተሳሳተ ወረቀት አይቀደድም። አዲሱ ዕርማት ከነአራሚው ስምና ከነቀኑ ተጽፎ ከአሮጌው ሥር ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ዋና ናሙና አራትና አምስት ወረቀት ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ልክ በፋይል ውስጥ የመጀመሪያው ደብዳቤና እርሱን የሚያርመው ደብዳቤ በተራ እንደሚቀመጡ። ዛሬ ከቢዮ አዋሌ ቀንድ አውጣ የሚለቅም ተማሪ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የስፍራውን ስም ሰዎቹ እንደሚጠሩት በግዕዝ ፊደል ይጽፋል፤ በላቲን ፊደልም ይደግመዋል። «ድሬዳዋ አስተዳደር» ብሎ ይጨምራል፤ ኬንትሮሱንና ኬክሮሱን፣ የከፍታውን ሜትር፣ የለቀመበትን ቀን፣ ከድንጋይ ሥር ይሁን ከቅጠል ላይ፣ የራሱንም ስም ያኖራል፤ ይህንም ሁሉ ውሃ በማይለቀው ቀለም ጽፎ ከቅርፊቱ ጋራ በአንድ ጠርሙስ ይከታል።